የላፕቶፕ ፕሮሰሰር ስንት ዲግሪ ሲደርስ ነው የሚያሰጋው? ኤችደብሊው ኢንፎ ሲገመገም

ላፕቶፕ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይህን መጠየቁ አይቀርም፦ "ፕሮሰሰሬ 90 ዲግሪ እያሳየ ነው፣ ሊቃጠልብኝ ነው እንዴ?" መልስ ሰጪዎቹ ደግሞ ለሁለት ይከፈላሉ። ግማሹ "ከ70 ካለፈ ጉድ ፈልቷል፣ ዛሬውኑ አስከፍተህ አሳይ" ይላል። ሌላው "ምንም አይልህም፣ እስከ 100 ይችላል" ብሎ ይሸኛል። ማሽኑ በዚያ ሰዓት ምን እየሠራ ነበር፣ ስንት ዋት እየወሰደ ነበር፣ ፍጥነቱስ ወርዶ ነበር ወይ ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። እኔ ደግሞ እነዚህ ካልታወቁ 90 የሚለው ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግረንም ባይ ነኝ። ኤችደብሊው ኢንፎ የሚባለውን ፕሮግራም ልገመግምላችሁ የፈለግኩትም ለዚሁ ነው። ሙቀትን ከነዋቱ፣ ከነፍጥነቱ፣ ከነምክንያቱ አንድ ላይ የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ነገር አላየሁም። ጉድለቶችም አሉት፣ አልደብቃችሁም።

ፕሮግራሙ በዊንዶውስ ላይ የሚሠራ ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያሉትን ሴንሰሮች በሙሉ አንድ መስኮት ላይ ያወጣቸዋል። ለግል ጥቅም በነፃ ይወርዳል፤ ለድርጅት ሥራ የሚከፈልበት ፕሮ የሚባል ስሪት አለው። ኢንስቶል ሳይደረግ ከፍላሽ ላይ የሚከፈትም አለው፤ የአድሚን ፈቃድ ይጠይቃል እንጂ ሌላ ጣጣ የለውም። የሰው ላፕቶፕ እንድታዩ ስትጠሩ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። "ዊንዶውስ ራሱ አያሳይም ወይ?" ለምትሉ፣ ታስክ ማናጀር የፕሮሰሰሩን ፍጥነትና የሥራ ጫና ያሳያል፤ ለብቻው የተገጠመ የግራፊክስ ካርድ ካለም ሙቀቱን ይነግራችኋል። የፕሮሰሰሩ ሙቀት ግን እዚያ የለም። ሰው ከሁሉ በላይ የሚጨነቅበት ቁጥር እሱ ሆኖ ሳለ መቅረቱ ያሳዝናል።

ስትከፍቱት "ሴንሰርስ ኦንሊ" የሚለውን ምረጡ። ያለዚያ የማዘርቦርዱን ታሪክ ከሥር መሠረቱ ሊያስነብባችሁ ነው። ከዚያ የቁጥር ግድግዳ ይመጣል። ከላይ እስከ ታች በመቶ የሚቆጠር መስመር፣ እያንዳንዱ አራት ዓምድ ያለው፦ የአሁኑ፣ ዝቅተኛው፣ ከፍተኛውና አማካዩ። መጀመሪያ ሲያዩት ያስደነግጣል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው ዘግቶት የሚወጣው፣ አልፈርድባቸውም። ለሙቀት ጉዳይ ግን የምትፈልጉት ጥቂቱን ነው። "ሲፒዩ ፓኬጅ" የሚለው የሙቀት መስመር፣ "ሲፒዩ ፓኬጅ ፓወር" የሚለው የዋት መስመር፣ የኮሮቹ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያሉት የሥራ ክፍሎች) ፍጥነት፣ እና ስለ ትሮትሊንግ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ገደብ ሲነካ ፍጥነቱን ስለ መቀነሱ የሚያወሩት መስመሮች። የኤኤምዲ ማሽን ከሆነ የሙቀቱ ስም ይለያል፤ "ሲፒዩ" ብሎ አጠገቡ "ቲሲቲኤል፣ ቲዳይ" የሚል ነገር ይጽፋል፣ እሱን ተመልከቱ። የማትፈልጉትን መስመር በቀኝ ክሊክ መደበቅ ይቻላል። አንዴ ቁጭ ብላችሁ ብታጸዱት ከዚያ በኋላ የሚቀላችሁ ሌላ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ኢንቴል ፕሮሰሰር ውስጥ እያንዳንዱ ኮር የራሱ ዲጂታል ሴንሰር አለው። ይህ ሴንሰር የሚቆጥረው ከዜሮ ወደ ላይ አይደለም። ከጣሪያው ወደ ታች ነው። ጣሪያው ቲጄማክስ ይባላል፣ ፋብሪካው ለዚያ ፕሮሰሰር የፈቀደው የመጨረሻ ሙቀት ነው። ኤችደብሊው ኢንፎ "ኮር ዲስታንስ ቱ ቲጄማክስ" ብሎ ያንን ርቀት ለብቻው ያሳያችኋል፣ ከሙቀቱ በላይ የምወደውም ይህንን መስመር ነው። ምክንያቱም ጣሪያው ከፕሮሰሰር ፕሮሰሰር ይለያያል። አብዛኞቹ የኢንቴል ላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች 100 ዲግሪ ላይ ነው ጣሪያቸው፣ አንዳንድ የቆዩት 105፣ ኮር አልትራ 7 155ኤች ደግሞ 110። በኤኤምዲ በኩል የራይዘን 5000 ተከታታይ ላይ 105 የሆነ አለ፣ የራይዘን 6000 ላይ 95፣ የራይዘን 7040 ላይ 100። ስለዚህ 93 ዲግሪ አንዱ ማሽን ላይ ጣሪያውን ሊነካ ሁለት ዲግሪ የቀረው ሲሆን፣ ሌላው ላይ ገና 17 ዲግሪ ይቀረዋል። የጓደኛችሁን ላፕቶፕ ቁጥር ከእናንተው ጋር ስታነጻጽሩ መጀመሪያ የሁለቱን ጣሪያ እዩ። ሌላም ነገር አለ። ሴንሰሩ ትክክለኛ እንዲሆን የተሠራው ጣሪያው አካባቢ ነው፤ ከጣሪያው በራቀ ቁጥር መሳሳቱ ይጨምራል። ማሽኑ ሥራ ፈቶ 38 ነው ወይስ 42 ነው ብሎ መከራከር ትርፉ ድካም ነው።

"እሺ፣ መደበኛው ስንት ነው ታዲያ?" ይባላል። እኔ የምሰጠው ግምት ይህ ነው፣ የክፍሉ አየር መካከለኛ ከሆነ። ማሽኑ ተከፍቶ ምንም ካልተሠራበት ከ40 እስከ 55። ኢንተርኔት፣ ጽሑፍ፣ ቪዲዮ ማየት ላይ ከ50 እስከ 70፣ አልፎ አልፎ ወደ 80 ብቅ ብሎ መመለስ። የቪዲዮ ስብሰባ ከስክሪን ማጋራት ጋር ሲሆን ከዚያም ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል፣ ይሄ ሰውን ሁሌ የሚያስደነግጥ ነው፤ ግን ካሜራ፣ ድምፅ፣ ምስል ማቀነባበርና ብሮውዘር አንድ ላይ ሲሠሩ ቀላል ሥራ አይደለም። ጌም፣ ቪዲዮ ኤዲቲንግ፣ ትልቅ ኮድ ኮምፓይል ማድረግ ላይ ከ75 እስከ 95። ቀጫጭን ላፕቶፖችና ጉልበተኛ የጌም ላፕቶፖች ወደ ላይኛው ጫፍ ይጠጋሉ። የክፍሉ አየርም ይቆጠራል፦ ክፍሉ አንድ ዲግሪ ሲሞቅ ፕሮሰሰሩም በግምት አንድ ዲግሪ አብሮ ይወጣል። ጠዋት በቀዝቃዛው የለካችሁትን ከሰዓት በኋላ በሙቀቱ ከለካችሁት ጋር አስተያይታችሁ "ማሽኔ እየተበላሸ ነው" አትበሉ። ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ላፕቶፕን በአብዛኛው እስከ 35 ዲግሪ የክፍል ሙቀት ድረስ እንዲሠራ ነው የሚነድፉት።

ቁጥሩ ስለሚዘልበት ነገርም ልበል፣ ብዙ ጥያቄ የሚመጣው ከዚህ ስለሆነ። አንድ ፕሮግራም ስትከፍቱ ሙቀቱ ከ50 ወደ 80 በአንዴ ይተኮሳል፣ ወዲያው ይመለሳል። ሴንሰሩ የተበላሸ ይመስላል። አልተበላሸም። ኮሩ በጣም ትንሽ ነው፣ ተርቦ የሚባለው የአጭር ጊዜ ፍጥነት መጨመሪያ ገብቶ ፍጥነቱን ሲጨምር ያ ሁሉ ኃይል እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ነው የሚያርፈው፤ ሙቀቱ ወደ ማቀዝቀዣው መዳብ እስኪሰራጭ ቅጽበት ይፈልጋል። ለዚህ ነው ከፍተኛውን ዓምድ ብቻ አይቶ መደንገጥ ልክ የማይሆነው። ለሰዓታት በ60 ሲሠራ የቆየ ማሽን ለግማሽ ሰከንድ 94 ከነካ፣ ያ ዓምድ ላይ 94 ተጽፎ ይቀራል። አማካዩን እዩ። ከዚያም መስመሩን ደብል ክሊክ አድርጉት፣ ግራፍ ይከፍታል። ግራፉ እንደ መጋዝ ጥርስ ከሆነ የተለመደ ነው፤ ላይ ወጥቶ እዚያው ጠፍጣፋ ሆኖ ከቀረ ግን ጣሪያው ነው ያቆመው። ከግርጌ ያለችው የሰዓት ምልክት ዓምዶቹን ከዜሮ ታስጀምራለች፤ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ተጫኗት።

ይህ ፕሮግራም ለምን እንደሚያስፈልግ በደንብ ያሳየኝ ሁለት ላፕቶፖችን ጎን ለጎን አድርጌ ያየሁበት ጊዜ ነው። ሁለቱም የ45 ዋት ክፍል ፕሮሰሰር ያላቸው፣ ሁለቱም ላይ ያው ከባድ ሥራ እየተሠራ። ሙቀታቸው ተመሳሳይ፣ 95 አካባቢ። ሙቀት ብቻ የሚያሳይ ፕሮግራም ቢሆን ኖሮ "ሁለቱም እኩል ናቸው" ብሎ ባለፈው ነበር። ዋቱን ስናይ ግን የመጀመሪያው 50 ዋት ገደማ እየወሰደ ኮሮቹ ሁሉ ከ3 ጊጋኸርትዝ በላይ ይሮጣሉ። ሁለተኛው 15 ዋት እንኳ ሳይሞላ፣ ፍጥነቱ ከግማሽ በታች ወርዶ፣ ትሮትሊንግ የሚለው መስመር "የስ" እያለ ነበር። ዳገት ወጥቶ ያለከለከ ሰውና ቁጭ ባለበት የሚያለከልክ ሰው ትንፋሻቸው አንድ ቢሆንም ጤናቸው አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ላፕቶፕ ምንም አልሆነም፣ ሥራውን እየሠራ ነው። ሁለተኛው ታሟል፣ ያውም በጠና። ባለቤቱ ደግሞ ለጥገና ወስዶት "ሙቀቱ መደበኛ ነው፣ ዊንዶውሱ ነው የከበደህ" ተብሎ ዊንዶውስ ተቀይሮለት ነበር የተመለሰው። ይህ በጣም ያበሳጫል። አንድ የዋት መስመር ያየ ሰው ያንን አይልም።

ስለዚህ ሕጌ ይህ ነው፦ ሙቀት ያለ ዋት አይነበብም። ብዙ ዋት ይዞ የሚሞቅ ፕሮሰሰር ማቀዝቀዣው የተሰጠውን ሁሉ እያስወጣ ነው። በትንሽ ዋት የሚሞቅ ግን ሙቀቱ መውጫ አጥቷል። ስንት ዋት "ትንሽ" እንደሆነ ለማወቅ የፕሮሰሰራችሁን መነሻ ኃይል (ፋብሪካው ያለ ተርቦ የመደበለትን ዋት) ፈልጉ። ለምሳሌ ኮር አይ5 1235ዩ መነሻው 15 ዋት ነው፣ ተርቦ ላይ እስከ 55 ይወጣል። ኮር አይ7 12700ኤች መነሻው 45 ዋት ሲሆን እስከ 115 ይደርሳል። ማሽኑ ጣሪያውን ነክቶ ሳለ ዋቱ ከመነሻው በታች ከወረደ ያኔ ነው መጨነቅ የሚገባው።

እዚህ ላይ አንድ ሰዎችን የሚያምታታ ነገር አለ። ከባድ ሥራ ስትጀምሩ ሙቀቱ ወዲያው ወደ 95 ይወጣል፣ ግማሽ ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ወደ 75 ይወርዳል፣ ፍጥነቱም አብሮ ይቀንሳል። "ሞቆ ነው ያዘገመው" ይባላል። አይደለም። ኢንቴል ላይ ሁለት የኃይል ገደቦች አሉ፤ ፒኤል2 የሚባለው ለአጭር ጊዜ የሚፈቀደው ከፍተኛ ዋት ነው፣ ፒኤል1 ደግሞ ለረጅም ጊዜ የሚፈቀደው። ጊዜው ሲያልቅ ማሽኑ በራሱ ወደ ፒኤል1 ይወርዳል፤ ብዙ ላፕቶፖች ላይ ይህ ጊዜ 28 ሰከንድ ተብሎ የተሞላ ነው። እንዲህ ተብሎ ነው የተነደፈው። ኤችደብሊው ኢንፎ ሁለቱን ለያይቶ ነው የሚነግራችሁ፦ "ተርማል ትሮትሊንግ" ካለ ሙቀት ነው ያዘገመው፤ "ፓወር ሊሚት ኤክሲድድ" ካለ የዋት ገደቡ ነው። የዋት ገደቡ ላፕቶፖች ላይ በየቀኑ የሚታይ ነገር ስለሆነ አያስጨንቃችሁ። ተርማል ትሮትሊንጉ ግን አልፎ አልፎ ብልጭ ብሎ ከሄደ ችግር የለውም፣ በቀላል ሥራ ላይ ወይም ያለማቋረጥ ከታየ ማሽኑ ሊታይ ይገባዋል። ይህን ልዩነት በዚህ ግልጽነት የሚያሳይ ሌላ ነፃ ፕሮግራም ብዙ የለም፣ ለእኔ ከሁሉም በላይ ዋጋ ያለው እሱ ነው።

ቁጥሩ ችግር መኖሩን ይናገራል እንጂ ችግሩ የት እንዳለ አይናገርም። ለዚያ እጃችሁን ተጠቀሙ። ፕሮሰሰሩ ከባድ ሥራ ላይ ሆኖ እጃችሁን አየር መውጫው ጋ አስጠጉ። የሚወጣው አየር ትኩስና ኃይለኛ ከሆነ ማቀዝቀዣው ጤነኛ ነው፣ የሥራው ጫና ነው የበዛው። አየሩ ትኩስ ሆኖ ግን ደካማ፣ ፋኑ እየጮኸ የሚወጣው ትንፋሽ ትንሽ ከሆነ፣ በአብዛኛው አቧራ ነው፤ በፋኑና በቀጫጭኖቹ የብረት ቅጠሎች መካከል እንደ ጨርቅ ተነጥፎ አየሩን ዘግቶታል። ፕሮሰሰሩ 98 እያለ፣ ፋኑም በደንብ እየነፋ፣ የሚወጣው አየር ለብ ያለ ብቻ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፦ ሙቀቱ ከፕሮሰሰሩ ወደ መዳቡ አልተሻገረም። ተርማል ፔስቱ (በፕሮሰሰሩና በመዳቡ መካከል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ) ደርቋል ወይም ተገፍቶ ወጥቷል፣ ወይ ማቀዝቀዣው በትክክል አልታሰረም፣ አንዳንዴም የመዳብ ቱቦው ራሱ ሞቷል። ያ ቅድም ያነሳሁት ሁለተኛው ላፕቶፕ እንዲህ ነበር፣ አየር መውጫው ለብ ብሎ። ሲከፈት ፔስቱ አቧራ ሆኖ ነው የተገኘው፣ ማቀዝቀዣውን ከያዙት ብሎኖችም አንዱ አልነበረም።

ፔስት ማስቀየር ካለባችሁ አንድ ነገር ልጠቁም። ላፕቶፕ ላይ ፕሮሰሰሩ የዴስክቶፖቹን ዓይነት ክዳን የለውም፣ መዳቡ በቀጥታ ሲሊከኑ ላይ ነው የሚያርፈው። ማሽኑ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ቀጭን ፔስት ቀስ በቀስ ወደ ጎን እየተገፋ ይወጣል፣ ከወራት በኋላ ሙቀቱ ይመለሳል። ለዚህ የሐኒዌል ፒቲኤም7950 የሚባለው ሉህ ጥሩ ነው። በክፍል ሙቀት ጠጣር ነው፣ 45 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይለሰልስና ክፍተቱን ይሞላል፣ ቶሎም አይገፋም። አንዳንድ ላፕቶፖች ከፋብሪካ ጀምሮ ይህንኑ ተለጥፎባቸው ነው የሚወጡት። ፈሳሽ ብረት የሚባለውን ግን ለጀማሪ አልመክርም፤ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ አሉሚኒየምን ይበላል፣ አንድ ጠብታ ማዘርቦርድ ላይ ከፈሰሰ አለቀ።

"ፕሮሰሰሩ ራሱን የሚጠብቅ ከሆነ ለምን እንጨነቃለን?" የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። እውነት ነው፣ ጣሪያው ሲነካ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ያም ካልበቃ ማሽኑን ያጠፋዋል። በ90 ዲግሪ ላይ ጌም ስለተጫወታችሁ ፕሮሰሰሩ አይሞትም። እኔን የሚያሳስበኝ ጎረቤቶቹ ናቸው። ባትሪው ዋነኛው ነው። ሊቲየም ባትሪ ሙቀት አይወድም፣ በተለይ ሙሉ ቻርጅ ሆኖ ሲሞቅ በፍጥነት ያረጃል፤ ላፕቶፕ ውስጥ ደግሞ ከፕሮሰሰሩ ብዙም ሳይርቅ ነው የሚተኛው። ፋኑም ሁልጊዜ በሙሉ ኃይል ሲሽከረከር ቶሎ ያልቃል። የእናንተ ቆዳም አለ፦ ጭኑ ላይ ላፕቶፕ አስቀምጦ ለሰዓታት የሚሠራ ሰው ለረጅም ጊዜ ከሚነካው መጠነኛ ሙቀት ቆዳው ላይ ምልክት ሊወጣበት ይችላል። ኤችደብሊው ኢንፎ የኤስኤስዲውን ሙቀት ያሳያል፣ የባትሪውን መዳከም በመቶኛ ይነግራል። ሙሉውን ማሽን የሚያይ መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅማል።

ለሙቀት የምታደርጉት ነገር ሁሉ ለውጥ አመጣ ወይ የሚለውን መለካትም ይቻላል። ከግርጌ "ሎጊንግ" የሚለውን ተጫኑ፣ ቁጥሮቹን ሁሉ በየሁለት ሰከንዱ ፋይል ላይ ይጽፋል፣ በኤክሴል ይከፈታል። ያው ሥራ፣ ያው ክፍል፣ ያው የፋን ሁኔታ ይሁን። እኔ ለሙከራ ሲኔቤንች አር23 የሚባለውን የፕሮሰሰር መፈተኛ ፕሮግራም ለአሥር ደቂቃ ማስሮጥ እመርጣለሁ። ፕራይም95ን የሚያደርግ አለ፤ እሱ ስሞል ኤፍኤፍቲ በሚባለው ሞዱ የሚፈጥረው ጫና የዕለት ተዕለት ሥራ ፈጽሞ የማይፈጥረው ስለሆነ ውጤቱ ሰውን ያስደነግጣል እንጂ አይጠቅመውም። በዚህ መንገድ ሲለካ ከሁሉ ቀላሉ ነገር ጥሩ ውጤት ያመጣል፦ የላፕቶፑን ኋላ ከፍ አድርጎ ከሥሩ አየር እንዲገባ ማድረግ። ዲግሪዎች ይቀንሳል፣ ምንም አያስወጣም። ከሥር ፋን ያለው ማስቀመጫ የገዙ ሰዎችም መጀመሪያ ፋኑን አጥፍተው ይለኩ፤ ብዙ ጊዜ የጠቀማቸው ከፍ ማለቱ ነው። አልጋና ትራስ ላይ ማስቀመጥ ደግሞ የሚገባውን አየር መድፈን ነው።

ሌላው በዊንዶውስ የኃይል ማስተካከያ ውስጥ የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ ሁኔታ ከ100 ወደ 99 በመቶ ማውረድ ነው። አብዛኞቹ ማሽኖች ላይ ይህ ተርቦውን ያጠፋዋል፣ ሙቀቱም በአንዴ ይወርዳል። ለጽሑፍና ለኢንተርኔት ልዩነቱ ብዙም አይሰማችሁም፣ ለከባድ ሥራ ግን ትልቅ ፍጥነት ታጣላችሁ። ቮልቴጅ መቀነስ ድሮ ምርጡ መፍትሔ ነበር፤ በ2019 መጨረሻ ፕላንደርቮልት የተባለው የደህንነት ቀዳዳ ከታወቀ በኋላ ግን ብዙ የላፕቶፕ አምራቾች በባዮስ (ማሽኑን በሚያስነሳው ውስጣዊ ፕሮግራም) ዘግተውታል። ኤችደብሊው ኢንፎ ያሳያል እንጂ ቮልቴጅ አይቀይርም፣ ያንን አትጠብቁበት።

አሁን ጉድለቶቹ። መልኩ ያረጀ ነው፣ ፊደሎቹ ትንንሽ፣ ቀለሙ ደባሪ። ምንም ማብራሪያ የለውም ማለት ይቻላል፤ መስመር ላይ ማውስ ስታሳርፉ ለአንዳንዱ አጭር ነገር ይላል፣ እሱም ለባለሙያ የተጻፈ ነው። አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ የፋኑን ዙር አያሳይም፣ ምክንያቱም አምራቹ ያንን ቁጥር በራሱ ቺፕ ውስጥ ነው የሚይዘው። ያንን ቺፕ ለማንበብ ሲሞክር አንዳንድ ማሽን ለቅጽበት ሊንተፋተፍ ይችላል፤ ፕሮግራሙ ራሱ ያስጠነቅቃችኋል፣ "አታንብብ" በሉት። ከማዘርቦርዱ የሚመጡ ፈጽሞ የማይንቀሳቀሱ የሙቀት ቁጥሮችም ይኖራሉ። ያ መስመር ቀኑን ሙሉ 28 ካለ ሴንሰር አይደለም፣ ዝም ብሎ የተሞላ ቁጥር ነው፣ ደብቁት። ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን የትሮትሊንግ መስመሮቹ ከፍጥነትና ከቮልቴጅ ብዛት ሥር ተቀብረው መገኘታቸው ነው፣ ለዚያውም ሦስት አራት ሆነው የተከፋፈሉ፣ አንዱን ተጭናችሁ ካልዘረጋችሁት ውስጡን የማታዩት። እጅግ አስፈላጊው መረጃ ከላይ ነበር መሆን ያለበት።

ከሌሎቹ ጋር ሳወዳድረው፣ ኮር ቴምፕ ትንሽና ቀላል ነው፣ የሙቀት ቁጥር በሰዓቱ አጠገብ ማየት ብቻ ለሚፈልግ ይበቃል፤ ጣሪያውንም ይጽፋል። ኤችደብሊው ሞኒተር ሙቀት፣ ዋትና ፍጥነትን ያሳያል፣ ለዓይንም ይቀላል፤ ግን ለምን እንደዘገየ አይነግራችሁም። ከላፕቶፑ ጋር የሚመጡት የአምራቾቹ ፕሮግራሞች ያማሩ ናቸው፣ የፋን ሞድ መቀየርም እዚያ ነው ያለው፤ ቁጥራቸው ግን አንዳንዴ የተለሳለሰ አማካይ ስለሆነ ዝላዩን አታዩትም። ሊኑክስ ላይ ላላችሁ ኤልኤም ሴንሰርስና ኤስ ቱዪ ሥራውን ይሠራሉ፣ ሁለተኛው ፍጥነትና ሙቀትን በግራፍ ያሳያል። ማክ ተጠቃሚዎች ሌላ ዓለም ውስጥ ናችሁ፤ የ2020ው ኤም1 ማክቡክ ኤር ፋን እንኳ የለውም፣ ሲሞቅ ፍጥነቱን ቀስ ብሎ ይቀንሳል፣ ያም ለእሱ የተለመደ ነው።

ላፕቶፕ ለሚጠግን ሰው ይህ ፕሮግራም ፍላሹ ላይ መኖር አለበት እላለሁ፣ ያለ እሱ "ሞቋል፣ አልሞቀም" ብሎ መፍረድ ግምት ነው። አዲስ ወይም ያገለገለ ላፕቶፕ ለሚገዛም እንዲሁ፦ ከመክፈላችሁ በፊት አሥር ደቂቃ ከባድ ሥራ አሠሩትና ዋቱን፣ ፍጥነቱንና የትሮትሊንግ መስመሩን እዩ። ምንም ችግር ለሌለበትና ማሽኑ ለማይዘገይበት ሰው ግን ቀኑን ሙሉ ቁጥር ላይ ማፍጠጥ ጭንቀት ብቻ ነው የሚጨምርለት፣ ለእሱ አልመክርም። እርዳታ ስትጠይቁ ደግሞ "90 ገባ" ብላችሁ አትጻፉ። የፕሮሰሰሩን ስም፣ ጣሪያውን፣ በዚያ ሰዓት የነበረውን ዋትና ፍጥነት፣ ምን እየተሠራ እንደነበርና ትሮትሊንጉ ምን እንደሚል በአንድ ስክሪንሹት ላኩ፤ የሚያውቅ ሰው ከዚያ በላይ ብዙም ሳይጠይቅ ይመልስላችኋል።